ሠራተኛው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚቀረው

በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናም ሆነ በሞጣ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ነርስ ወይም አንድ የግብርና ባለሙያ በሥራ ላይ እያለ በድንገት ሲሞት፣ የለቅሶው ድንኳን ሳይነቀል አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ምናለ ቦታውን ለልጁ ቢሰጡት?» ጠያቂው ክፋት የለበትም። በእነዚህ ከተሞች በአንድ ደመወዝ ስንት ሰው እንደሚያድር ያውቃል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ደብተር፣ ገጠር ላለች እናት የሚላከው ሁሉ ከዚያችው ደመወዝ ነው የሚወጣው። የሕጉ መልስ ግን አጭር ነው፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት የሥራ መደብ ለቤተሰብ አይተላለፍም።

አገሩ ግን ሌላ ልማድ የነበረው አገር ነው። ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ጀምሮ በሞጣ ጊዮርጊስ፣ በብቸና በኩል ደግሞ በዲማ ጊዮርጊስ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከአገልግሎት ጋር የተሳሰረ ነበር። ቀዳሹ ወይም ደብተራው ሲሞት ልጁ አገልግሎቱን ከተረከበ መሬቱንም ይዞ ይቀጥላል። ልጅቱ ወራሽ ከሆነች፣ ማኅሌት መቆም ስለማትችል በእሷ ስም የሚያገለግል ደብተራ ቀጥራ መሬቱን ትይዛለች። ሥራውም መተዳደሪያውም አብረው ይወረሱ ነበር ማለት ነው። ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። የለቅሶ ቤቱ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። አባት ባገለገለበት ቦታ ልጅ መተካቱ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሥራውን ራሱን ለቤተሰብ የሚሰጡ አገሮች ዛሬም አሉ። ከሁሉ የታወቀችው ህንድ ናት። በሥራ ላይ የሞተ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ወይም ልጅ ያለ ውድድር ዝቅ ባለ መደብ ሊቀጠር ይችላል፤ በማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የሚያዘው በዚያ እርከን በቀጥታ ከሚሞሉት ክፍት ቦታዎች 5 በመቶው ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በሰጠው ውሳኔ፣ ይህ ቅጥር ቤተሰቡን ከድንገተኛ ችግር ለማውጣት የተፈቀደ ልዩ ሁኔታ እንጂ የውርስ መብት አይደለም ብሏል። የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተመሳሳይ ደንቦችን ከእኩልነት መብት ጋር ይጋጫሉ ብሎ ሽሯቸዋል።

የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም የቆመው ከዚሁ ከእኩልነት ወገን ነው። ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል፣ አመልካቹ ይመዘገባል፣ ይፈተናል፤ የሚቀጠረው የተሻለ ውጤት ያመጣው ነው። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተዋጽኦአቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ቅድሚያ የሚሰጥበት ድንጋጌ አለ። የሟች ልጅ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እኔም ይህ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሞጣ ላይ ዲግሪውን ይዞ ዓመታት ሥራ ሲፈልግ የኖረ የገበሬ ልጅ፣ አባቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስላልሠራ ብቻ ከወረፋ ሊገፋ አይገባም።

ታዲያ ለቤተሰቡ ምን ተቀመጠለት? መጀመሪያ የሚመጣው የመሥሪያ ቤቱ ክፍያ ነው። ሟቹ የሞተበት ወር ደመወዝ ሙሉውን ይከፈላል። ከዚያ በተጨማሪ የሦስት ወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ለትዳር ጓደኛው ወይም በሥሩ ይተዳደሩ ለነበሩና ላስመዘገባቸው ቤተሰቦች ይሰጣል።

ዋናው ግን የተተኪዎች ጡረታ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ለብዙ አሥርት ዓመታት መሠረት ሆኖ ቆይቷል። በኋላ አዋጅ ቁጥር 714/2003 መጣ፤ እሱም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከመንግሥት ደግሞ 11 በመቶ እየተባለ ነው። ስለዚህ የሟች ሚስት ጡረታ ስትጠይቅ ባሏ በየወሩ ሲያዋጣ የኖረውን እየጠየቀች ነውና አንገቷን መድፋት የለባትም።

አሠራሩን በ2003ቱ አዋጅ ስሌት በአንድ ምሳሌ ልግለጸው። አንድ የብቸና መምህር 18 ዓመት አገልግሎ ሞተ እንበል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ለሂሳብ እንዲመች 9,000 ብር ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። 40 በመቶ መጣ፤ 3,600 ብር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሚስቱ 50 በመቶ፣ 1,800 ብር ታገኛለች። ሁለት ልጆች ካሉት እያንዳንዳቸው 20 በመቶ፣ 720 ብር ይደርሳቸዋል። በእሱ ድጋፍ ትኖር የነበረች እናት ካለች 15 በመቶ አላት። ሲደመር 105 በመቶ ሆነ፤ ሕጉ ከ100 በላይ ስለማይፈቅድ የሁሉም ድርሻ ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል። እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ ድርሻው 30 በመቶ ነው። የልጆች ክፍያ እስከ 18 ዓመት ሲሆን፣ አካል ጉዳተኛ ከሆኑ እስከ 21 ይዘልቃል።

ሠራተኛው የሞተው ከሥራው የተነሳ በደረሰበት ጉዳት ከሆነ የአገልግሎት ዘመን ማነስ አያግድም፤ ስሌቱ የሚነሳው ከደመወዙ 47 በመቶ ነው። 10 ዓመት ሳይሞላው በሕመም የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ግን ወርሃዊ ጡረታ የለውም፤ በአገልግሎቱ ልክ ዳረጎት በአንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሸኛል። የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። አምስትና ስድስት ዓመት ያገለገሉ ወጣት መምህራን የሚተዉት ሕፃናት ልጆችን ነው፤ ብዙ ዓመት መደገፍ የሚያስፈልጋቸውም እነዚያው ናቸው። 9,000 ብር ይገባበት የነበረ ቤት በ3,600 ብር ሲተዳደርም ቀላል አይደለም። የሥራ መደቡ አይወረስም ያለ መንግሥት ጡረታውን ለኑሮ የሚበቃ፣ ክፍያውንም የማይዘገይ የማድረግ ዕዳ አለበት።

መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከማስረጃ ይጀምራል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች ልደት፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት የሚወጣ የተተኪነት ውሳኔ ይጠየቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በሽማግሌ የተጋባ ሰው እጁ ላይ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ምስክር ቆጥሮ፣ ችሎት ቀርቦ፣ ቀጠሮ ጠብቆ ነው ሚስትነት የሚረጋገጠው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ከብቸና ደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር ለአንድ ማኅተም መመላለሱን አደገኛ አድርጎታል።

ደመወዝተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ በዚህ ሳምንት ሰው ሀብት ክፍል ገብታችሁ የግል ማኅደራችሁን አስወጡና እዩት። የሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ የሚስታችሁ ወይም የባላችሁ ስም አለ? ከተቀጠራችሁ በኋላ የተወለዱት ልጆች ተመዝግበዋል? የምትጦሯት እናት ተጽፋለች? የልጁ ስም በልደት ወረቀቱና በትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ነው? ጋብቻችሁ ካልተመዘገበ ሁለታችሁም ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡት፤ አንዱ ብቻውን ከቀረ በኋላ የሚጠብቀው የፍርድ ቤት ደጅ ነው።