ሪሴት ከማድረግ በፊት

ከደንበጫ እስከ ቡሬ ያለው ገበሬ የበቆሎና የበርበሬ ዋጋ በስልኩ እንዲያይ አፕ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት፣ ኮድ ከመጻፉ በፊት ገጾቹን ይነድፋል። ለዚህ ሥራ ዛሬ ብዙ ዲዛይነሮች የሚከፍቱት ፊግማን ነው። ዲላን ፊልድና ኢቫን ዋላስ የመሠረቱት ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በብሮውዘር ይሠራል።

ጉልበቱ ያለው ኮምፖነንት በሚባለው ላይ ነው። የዋጋ ካርዱ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የእህሉ ስም፣ ገበያው፣ ዋጋው። ከዚያ ለደንበጫ፣ ለጅጋ፣ ለቡሬ ቅጂ ይወጣለታል። ዋናው ሲታረም ቅጂዎቹም አብረው ይታረማሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በኤምአይቲ ባቀረበው ስኬችፓድም ዋናው ሥዕል ሲለወጥ ቅጂዎቹ ሁሉ ይለወጡ ነበር።

ጣጣው የሚጀምረው ቅጂው በእጅ ሲነካ ነው። ዋናው ካርድ በላቲን ፊደል ልክ ተሠርቶ ከሆነ፣ «ፍኖተ ሰላም» ሲጻፍበት ፊደሉ አንሶ ይታያል። ዲዛይነሩም የዚያን ካርድ ጽሑፍ ብቻ ያሳድጋል። ፊግማ ይህን ለውጥ ይጠብቅለታል፤ በኋላ የዋናው ፊደል መጠን ቢቀየር ያ ካርድ አይከተልም። እንዲህ የተነካኩ ካርዶች ሲበዙ ገጹ ይዘበራረቃል።

ያኔ ቅጂውን ሪሴት ማድረግ ይቻላል፤ ካርዱ እንደ ዋናው ይሆናል። ነገር ግን ለውጡ በሙሉ ይመለስ ከተባለ፣ የተጻፈው የገበያ ስምና ዋጋም ጠፍቶ በዋናው የናሙና ጽሑፍ ይተካል። ስለዚህ የሚመለሰውን ለይቶ መምረጥ ይሻላል። ቅጂውን ከዋናው ጨርሶ መነጠልም አለ፤ ይህን አልመክርም፤ ከዚያ ወዲያ የዋናው እርማት አይደርሰውም።

ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። በእጅ የተደረገው ለውጥ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ያለው ዋናው ላይ ነው። ለግዕዝ ፊደል ተብሎ የሰፋው ካርድ መሰረዝ የለበትም። ፊግማ የቅጂውን ለውጥ ወደ ዋናው የሚያሳልፍ ትእዛዝ አለው፤ በዚያ ቢሄድ ሌሎቹም ገበያዎች ይጠቀማሉ።

እናም ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይሉን ዱፕሊኬት አድርጉ፤ ካርዱን የነካውንም ባልደረባችሁን ለምን እንደነካው ጠይቁት።