ደጋግሞ ያገባ ሰው ከማን ጐን ይቀበር?
(በደሴና በኮምቦልቻ ስላለው የመቃብርና የሐውልት ጉዳይ)

ጋብቻ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል፤ መቃብር ግን አንድ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ ያገባ ሰው በሞተ ጊዜ ከማን ጐን ይቀበር? በድንጋዩስ ላይ የማን ስም ይጻፍ? የሚሉት ጥያቄዎች ለቀስተኛው ሳይበተን ይነሣሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት እንደሚታይና ስለ ምን እንደሚያስቸግር ማስረዳት ነው።

፩. ስለ ስም

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሚስት የባልዋን ስም ትይዝ ስለ ነበረ፣ ሁለት ጊዜ ያገባች ሴት በሐውልትዋ ላይ በየትኛው ባል ስም ትጠራ የሚለው ነገር ያከራክራል። በእኛ ዘንድ ሴት ብታገባም ብትፈታም የአባትዋን ስም አትለቅምና ይህ ክርክር የለም። ድንጋዩ ስለ ጋብቻ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በግርጌው ባለችው መስመር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አሠሩላቸው» የምትለው ናት። ጠቡም የሚመጣው ከዚህችው መስመር ነው። ባለቤት የተባለችው የትኛዋ ናት? ልጆቻቸው ሲባልስ ከመጀመሪያዪቱ ሚስት የተወለዱት አሉበትን?

፪. ስለ ሃይማኖት

በኦርቶዶክስ ሥርዓት ፍትሐ ነገሥት የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ሁለተኛ እንዲያገባ ይፈቅዳል፤ ሦስተኛውን ይነቅፋል፤ አራተኛውን ግን እንደ ጋብቻ አይቈጥረውም። በቁርባን የተጋቡትና በሰማንያ የተጋቡትም በሰው ፊት እኩል አይታዩም። ስለዚህ የቁርባን ሚስት ልጆች «እናታችን አንድ ሥጋ የሆነችው እርስዋ ናት፤ ከጐንዋ ይረፍ» ሲሉ ክርክራቸው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ሰባት ወንድማማቾች ተራ በተራ ስላገቡዋት ሴት በወንጌል የተነሣው ጥያቄ የተመለሰው፣ በትንሣኤ ማግባትም መጋባትም እንደሌለ በማስረዳት ነው። መቃብር የሚያከራክረው እንግዲህ ሙታንን ሳይሆን ሕያዋንን ነው።

በእስልምና ሥርዓት ችግር ካላስገደደ በቀር ለአንድ አስከሬን አንድ መቃብር ይቈፈራል፤ ብዙ ሊቃውንትም በመቃብር ላይ መገንባትንና መጻፍን አይወዱም። አራት ሚስት ያለው ሰው እንኳ ቢሞት ሐውልት የሚያጣላበት ምክንያት ጥቂት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው የተቀበሩት በመዲና በአዒሻ ክፍል ሲሆን፣ የመጀመሪያዪቱ ባለቤታቸው ኸዲጃ በመካ ቀርተዋል። አዒሻም ከነቢዩ አጠገብ ያለውን ስፍራ ለዑመር ለቀው እርሳቸው በበቂዕ ተቀብረዋል።

በወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይገኛሉና ነገሩ ይወሳሰባል። የመጀመሪያ ጋብቻው በአንዱ፣ ሁለተኛው በሌላው ሃይማኖት የሆነ ሰው አለ። የመቃብሩን ስፍራ የሚወስነው ሲሞት የነበረበት ሃይማኖት ነው። በዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ መካ ከደሴ በትክክል ወደ ሰሜን ትገኛለች ማለት ይቻላል። ሙስሊም በቀኝ ጐኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ሲደረግ ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። የክርስቲያን ራስ ግን፣ ሲነሣ ምሥራቅን እንዲያይ፣ ወደ ምዕራብ ነው። ሁለቱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሆኖ ራስጌውና ግርጌው ተቃራኒ ነው።

፫. ሦስት መንገዶች

የታወቁ ሰዎችን መቃብር ብንመረምር ጉዳዩ በሦስት መንገድ ሲፈጸም እናያለን።

የመጀመሪያው የመጨረሻውን ጋብቻ መከተል ነው። እቴጌ መነን አስፋው የወሎ ተወላጅ ናቸው፤ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ከመጋባታቸው በፊት ከሌሎች መኳንንት ጋር ተጋብተው ልጆች ወልደው ነበር። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲያርፉ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ዐፅም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚያው አረፈ። ኀምሳ ዓመት የቈየው ጋብቻ የቀደሙትን ሸፈናቸው።

ሁለተኛው ደምን መከተል ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ከአንድ ጊዜ በላይ አግብተው ነበር። የመጨረሻው ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ንግሥቲቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ዐረፉ። የተቀበሩት ግን በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ፣ ከአባታቸው ከዳግማዊ ምኒልክና ከእንጀራ እናታቸው ከእቴጌ ጣይቱ ዘንድ ነው። ምኒልክም ጣይቱም ከመጋባታቸው በፊት ሌላ ትዳር የነበራቸው መሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው የልጅን እናት መከተል ነው። ስድስት ጊዜ ያገባው የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1547 እ.ኤ.አ. ሲሞት የተቀበረው ወንድ ልጅ ከወለደችለት ከሦስተኛዪቱ ሚስቱ ከጄን ሲሞር ጋር ነው። ያዕቆብ ግን አብልጦ የወደዳት ራሔል በመንገድ ተቀብራ ቀርታ፣ እርሱ ከልያ ጋር በአባቶቹ ዋሻ ተቀበረ። ፍቅርና መቃብር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

፬. ስለ ቅሬና ስለ ሕግ

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ጉድጓድ የሚቈፍረው፣ አስከሬን የሚሸከመው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ቅሬ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል። ቅሬ በቤተ ሰብ የተመዘገበ በመሆኑ በሞት ቀን በይበልጥ የሚሰማው በዚያ ቤት አብሮ የኖረው የትዳር ጓደኛ ቃል ነው። ቀብሩም ቶሎ ይፈጸማልና ለክርክር ጊዜ የለም። የተሸነፈው ወገን ክርክሩን ወደ ተዝካሩና ወደ ድንጋዩ ያዛውረዋል።

ምሳሌ እናድርግ። አንድ ሰው በገጠር አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ከዚያም ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ሁለተኛ ሚስት አገባ። ሲሞት የገጠር ልጆቹ አስከሬኑ ወደ አባቶቹ ደብር ይሂድልን ይላሉ፤ የከተማዪቱ ሚስት ያስታመምሁት እኔ ነኝ፤ መቃብሩን በቅርብ ልየው ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለ ጊዜ የየጋብቻውን ልጆች በእኩል ወራሽ ያደርጋል፤ የትዳር ጓደኛ ከጋራው ንብረት ድርሻውን ይወስዳል እንጂ ወራሽ አይደለም። የቀብር ወጪ ከውርሱ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የተዝካር ወጪ ግን ከዚህ አይቈጠርም። ስለዚህ ተዝካሩን የምታወጣው ሚስት በድንጋዩ ላይ ስሟ ሲቀር በደል ይሰማታል፤ አባታቸው በሌላ ስፍራ የተቀበረባቸው ልጆችም እንደዚሁ።

፭. መደምደሚያ

ይህን ጠብ የሚያስቀረው ሟቹ ራሱ በጤናው ሳለ የሚናገረው ቃል ነው። ንብረቱን የሚናዘዝ ሰው የመቃብሩን ስፍራና የድንጋዩን ጽሑፍ ቢጨምርበት ብዙ ወንድማማቾችን ከመለያየት ያድናል። ቃል ሳይተው የሞተ እንደሆነ ግን፣ «ባለቤታቸው» ከማለት የልጆቹን ሁሉ ስም በልደታቸው ተራ መጻፍ የሚሻል ይመስለኛል፤ ሚስቶች ሊፈቱ ይችላሉ፤ ልጅ ግን ከአባቱ አይፈታም። ሌሎች ተማሪዎችም የየአገራቸውን ልማድ መርምረው ቢጽፉልን ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ይረዳል።