ተጨማሪ መረጃ፦ ከማዞሪያው ያልተነሳችው ሴት

ስልክ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ በሽቦ እንደሚልክ ተምራችኋል። ግን ሁለት ደዋዮችን ማን ያገናኛቸው ነበር? በቀድሞ ጊዜ ይህ የሰው ሥራ ነበር። የደንበኞች ሽቦ ሁሉ የሚደርሰው ማዞሪያ ወደሚባል ሰሌዳ ሲሆን፣ ኦፕሬተሯ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካች መስመሮቹን ታገናኛለች። አደጋ ሲመጣ ታዲያ ስልክ ያላቸውን ቤቶች ሁሉ ከአንድ ወንበር ላይ መጥራት የምትችለው እሷ ነበረች።

ኦገስት 27 ቀን 1908 እ.ኤ.አ. ምሽት በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ፎልሰም በምትባል ትንሽ ከተማ ለኦፕሬተሯ ለሳራ ሩክ ከወንዙ ላይኛው በኩል ስልክ ተደወለላት፤ ከባድ ጎርፍ እየመጣ ነበር። መሸሽ ትችል ነበር። እሷ ግን ጎርፉ ማዞሪያው ያለበትን ቤት እስኪወስደው ድረስ ቤት ለቤት እየደወለች ሰዎች ወደ ከፍታ እንዲወጡ አስጠነቀቀች። ብዙዎች ተረፉ፤ እሷ ሞተች። በ1926 እ.ኤ.አ. የስልክ ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆሙላት። ይገባታል!

ሞክሩ፦ በአካባቢያችሁ የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስና የፖሊስ ስልክ ቁጥሮችን ጠይቃችሁ ጻፉና ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስትደውሉ በመጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ ተናገሩ።