ጓያ የገባበት ምጥን ርካሽ አይደለም

ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ መጀመሩ ለቤተሰብ አዲስ ወጪ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያዎች በሚገኝ እህል ግን ምጥኑን በቤት ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ምስር። ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆና ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ ገንፎ ወይም ስስ ቂጣ ይሆናል። የፋብሪካው ፋፋም መሠረቱ ይኸው የእህልና የጥራጥሬ ቅልቅል ነው።

ወጪውን የሚያከብደው ጥራጥሬው ነው። ዋጋው ሲወደድ ሸማች ድርቅ ወደሚችለውና ወደሚረክሰው ጓያ ያዘነብላል። ጓያ ግን ለወራት በብዛት ሲበላ እግር ያሰናክላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ ብዙዎችን ሽባ አድርጓል። መዘፍዘፍና መቁላት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከተፈጨ በኋላም ከሌላው ዱቄት መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጥራጥሬን በፍሬው መግዛት ይበጃል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ ምጥን ጥራጥሬው አንድ ኪሎ ብቻ ነው፤ የዋጋው ልዩነት የሚያርፈው በዚያችው ኪሎ ላይ ነው። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ለሚነግድም ጓያ ያልተቀላቀለበት፣ ያልሻገተ ጥራጥሬ ለይቶ ማቅረብ ደንበኛ ያተርፋል።