ጭኮ፦ የማይጋገር ስንቅ

ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ስንቅ ይይዛል። እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። ዳቦም ይደርቃል። በሶ ግን ይቆያል። በሶ በቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይባላል። ጭኮ በአርሲና በባሌ የታወቀ ምግብ ነው። አይጋገርም፤ አይቀቀልም። ዱቄቱ ካለን እሳት የሚያስፈልገን ቅቤውን ለማቅለጥ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት እናዘጋጀው?

በሶው

1. ገብሱን እንልቀም። ጠጠሩን እናውጣ። እንክርዳድ ያዞራል፤ እሱንም እንልቀም። የሻገተ እህል አንቀላቅል። ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙም በመቁላት ፈጽሞ አይጠፋም።

2. ገብሱን ጥቂት አመስ አድርገን በሙቀጫ እንውቀጥ። ገለባው ሲለቅ በሰፌድ እናበጥር።

3. እንደገና እንቁላው። እጃችን ከማማሰል አይቦዝን። ያረረ በሶ ይመራል።

4. ሲበርድ አስፈጭተን እንንፋው። ትኩሱን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ከከተትነው ያልበዋል። ላቡም ያሻግተዋል።

ጭኮው

3 ኩባያ በሶ፣ 1 ኩባያ ንጥር ቅቤና ትንሽ ጨው እናዘጋጅ። ኮረሪማ ካለ ጥሩ ነው።

ቅቤውን በለዘብታ እሳት እናቅልጥ። ጨውና ኮረሪማውን ከዱቄቱ ጋር እናደባልቅ። ቅቤውን ጥቂት በጥቂት እያፈሰስን እንሽ። ከዚያ ጨበጥ አድርገን እንልቀቀው። ካልፈረሰ ደርሷል። ከፈረሰ ቅቤ እንጨምር። በጣም ከለሰለሰ ዱቄት እንጨምር። አሁን በእጃችን እያድቦለቦልን እናስቀምጠው።

በጾም ቀን በቅቤ ፈንታ ዘይት ይሆናል። ማር የሚወድም ማር ይጨምርበታል። ነገር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል።

ውሃ እንጠንቀቅ

ጭኮ ውሃ የለበትም። የሚቆየውም ለዚህ ነው። በእርጥብ እጅ አንንካው። በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ እናኑረው።

በሶ በውሃ በጥብጠን የምንጠጣም ብዙ ነን። በሶውን እሳት ነክቶታል፤ ውሃውን ግን አልነካውም። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ያመጣል። በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ውሃውን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን እንበጥብጥበት።

ጥያቄዎች

1. ትኩስ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቢከተት ምን ይሆናል?
2. ጭኮ ብዙ ቀን የሚቆየው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ አገር ስንቅ ከምን ይዘጋጃል? በደብተራችሁ ጻፉ። ለቤተሰባችሁም አንብቡላቸው።