ፓርክ ስንል የቱን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2004 ቼልሲ በሜዳው ከቶተንሃም ጋር ዜሮ ለዜሮ ሲለያይ ጆዜ ሞሪንሆ በሽቋል። ቶተንሃሞች አውቶብሳቸውን አምጥተው ጎሉ ፊት አቆሙት ብሎ ተሳለቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ‹ፓርክ ዘ ባስ› የሚለውን አባባል የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ ያለ አይመስለኝም። ያው የኳስ አፍቃሪ ቅዳሜ ‹ፓርክ እንሂድ› ሲሉት እንጦጦ እንደሆነ ይገባዋል። ‹እህትህ ፓርክ ገባች› ቢሉት ደግሞ ሐዋሳ ስፌት ማሽን ላይ መቀመጧን ይረዳል። ቃሉ አንድ ነው። የቆመ አውቶብስን፣ ጫካንና ፋብሪካን ምን አገናኛቸው?

አጥር ነው ያገናኛቸው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ፓርክ ማለት በንጉሥ ፈቃድ ዙሪያውን የታጠረ፣ አጋዘን የሚታደንበት መሬት ነበር። ዛሬ ቱሪስቱ ሁሉ ሰልፊ የሚነሳበት የለንደኑ ሃይድ ፓርክ ራሱ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1536 ለአደን የከለለው ቦታ ነው። ተራው ሕዝብ እንዲገባበት የተፈቀደው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1637 ነው። አጥሩ ተረሳና አረንጓዴው ቀረ።

መኪና ማቆሙስ? እሱ የመጣው በወታደር በኩል ነው። ጦር ሲሰፍር መድፉና ጋሪው ተደርድሮ የሚቆምበት የተከለለ ቦታም ፓርክ ይባል ነበር። ከዚያ ስም ግስ ወጣ። መጀመሪያ መድፍ ‹ፓርክ ተደረገ›፣ ቀጥሎ ሠረገላ፣ በመጨረሻ መኪና። አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ላይ ያለችው ‹ፒ› የዚያ መድፍ የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው። (የማንቸስተሩ ፓርክ ጂ ሱንግ ግን ከዚህ ዘር የለበትም። የኮሪያ የቤተሰብ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ነው የተመሳሰለው።)

ወደ አማርኛ ሲገባ ቃሉ አጥሩን ደብቆ ነው የገባው። እኔ ኢኮኖሚክስ በምማርበት ጊዜ ኢንዱስትሪ ፓርክን የማይጠቅስ መመረቂያ ጽሑፍ ማግኘት ይከብድ ነበር። አዋጁ፣ ቁጥር 886፣ በ2007 ዓ.ም. ወጣ። የሐዋሳው ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። ‹ፓርክ› ሲባል ዛፍና አግዳሚ ወንበር ይታያችኋል፤ ነገሩ ግን የራሱ የጉምሩክና የታክስ ሕግ ያለው ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ የተጎዳው የበሩን ባጅ አንጠልጥሎ የሚገባው ሠራተኛ ነበር። አሁን ደግሞ የነዚህ ግቢዎች ስም ወደ ‹ልዩ የኢኮኖሚ ዞን› እየተቀየረ ነው። ለእኔ ይሄኛው ስም ይሻላል፤ ቢያንስ የተከለለ ነገር መሆኑን አይደብቅም።

ብሔራዊ ፓርክም ያው ነው። የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርክ ለዋልያው መትረፍ ማለት ነው፤ ለጊች ሰው ግን ጓዝ መጠቅለል ማለት ነበር። በሌላ በኩል መንዝ ላይ ጓሳን አስቡት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባላገሩ ራሱ ተስማምቶ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍት ነበር። ያኔ ፓርክ ያለው ሰው አልነበረም።

እንጦጦ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ዋና ከተማው ቁልቁል ወርዶ አዲስ አበባ ከሆነ በኋላም የተራራው እንጨት አልበቃ አለ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ልብ በሉ፣ ዛፉ እንግዳ ቢሆንም ስሙ የኛ ነው፦ ባሕር ዛፍ። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። የዚያን ዘመን ሰው ‹ዩካሊፕተስ› ብሎ አላለፈውም፤ አይቶት ስም አወጣለት። እኛ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ዚፕላይን፣ ካፌና የፈረስ ግልቢያ ያለውን ጫካ ስንመርቅ ‹ፓርክ› ብለን አለፍን።

በዚያ ባሕር ዛፍ ሥር እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ነበሩ፣ አሉም። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ቅጠልና ጭራሮ ሰብስበው፣ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸው ተቀንጥሶ ቁልቁል የሚሮጡ። ጥበቃ ከያዛቸው ሸክሙም ገመዱም ይቀራል። ክፍል ውስጥ እንደተማርኩት ባለቤት የሌለው የወል ሀብት ያልቃል፤ ስለዚህ ይከለል፣ ዋጋ ይውጣለት። ሒሳቡ ልክ ነው፣ እኔም ፓርኩን እወደዋለሁ፤ በወር አንድ ቀን እንኳ ካልወጣሁ ሳንባዬ ይቆጣኛል። ግን ሒሳቡ ውስጥ የእሷ ጭራሮ የት መስመር ላይ ነው የገባው? ጫካ ሲባል በጓሮ በኩል ትገባለች። ፓርክ ሲባል በር አለው፤ በበሩ የሚገባው ደግሞ ሊዝናና የመጣ ሰው ነው። አንዳንዶቹ ቀደም ብለው በቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ታቅፈው ሽመና ይዘዋል። ሌሎቹን አሁንም በማለዳ በአስፋልቱ ዳር፣ ስፖርት ከሚሠሩት ሯጮች ጎን ታዩዋቸዋላችሁ። አንዱ ለጤናው ይሮጣል፣ አንዷ ገበያ ሳያልፍባት።

ባለፈው እሁድ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ረዳቱ ‹ፓርክ! ፓርክ! የሞላ!› ይላል። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆም አሉ።

‹ልጄ፣ ማርያም አይሄድም እንዴ?›

‹ያው ነው እናቴ፣ ይግቡ።›

‹ያው ነው?› አሉ፤ ዞር ብለው የኛን ፊት አዩና ገቡ።