መሣሪያው የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪ አስቆመኝና «መምህር፥ ፕሮግራም ለመጻፍ በገንዘብ የሚገዛው መሣሪያ ይሻላል ወይስ ነፃው?» ሲል ጠየቀኝ። ለመመለስ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጥያቄው እንደ መሰለኝ ቀላል አለመሆኑ ታወቀኝ። «ነፃ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይናገራልና፤ አንደኛው ዋጋ የማይከፈልበት፥ ሁለተኛው በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያልሆነ ማለት ነው። አንባቢዎቼ ሆይ፥ እነዚህን ሁለቱን ሳይለይ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የሊኑክስ ታሪክ ነው። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ሶርስ ኮዱ፥ ይኸውም ፕሮግራመሮች የሚጽፉት ዋናው ጽሑፍ፥ ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ፥ በየአገሩ ያሉ ሰዎች እያረሙና እየጨመሩ አሳደጉት። ነገር ግን የብዙ ሰው እርማት በአንድ ጊዜ ሲመጣ፥ ማን ምን እንደ ለወጠ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቶርቫልድስ በ2002 ለዚህ ሥራ የመረጠው ቢትኪፐር የሚባለውን የንግድ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ያለ ዋጋ እንዲሠሩበት ፈቀደ፤ ሶርስ ኮዱን ግን አልሰጠም፤ በነፃ የሚጠቀምበት ሰው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠራም በውሉ ከለከለ።

ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ይህን ተቃወሙ። ቶርቫልድስ ግን ዋናው ነገር መሣሪያው ሥራውን በሚገባ መሥራቱ ነው ባይ ነበር። በዚህም አልተሳሳተም፤ ሥራው በእርግጥ ተፋጠነ።

በ2005 ግን አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር ከቢትኪፐር ጋር የሚነጋገር የራሱን ፕሮግራም ለመሥራት ሞከረ። ኩባንያውም በዚህ ተቈጥቶ በነፃ የሰጠውን ፈቃድ አነሣ። በተውሶ በሬ የሚያርስ ገበሬ፥ ባለቤቱ ትልም መካከል ላይ ፈትቶ ቢወስድበት ምን ይላል? ባለቤቱ የገዛ ንብረቱን ወሰደ እንጂ አልሰረቀም፤ እርሻው ግን እንደ ተጀመረ ቀረ።

ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር መጀመሪያ የራሱን መሣሪያ መጻፍ ያዘ፤ ስሙንም ጊት አለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ሶርስ ኮድ መመዝገብ ቻለ፤ በጁን ወርም አዲሱ የሊኑክስ እትም በጊት ተዘጋጅቶ ወጣ። ወዲያውም ጁንዮ ሃማኖ የተባለ ሌላ ፕሮግራመር የጊትን ኀላፊነት ተረከበ። ዛሬ በዓለም ላይ ፕሮግራም ከሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ መሣሪያ ነው። ቢትኪፐርም በ2016 ሶርስ ኮዱን ከፈተ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ቶርቫልድስ በሬው ሲወሰድበት ሌላ በሬ የመሥራት ችሎታ ነበረው፤ እናንተና እኔ ግን የለንም። በኮሌጅ ሳለሁ የመመረቂያ ሥራዬን ለሙከራ በተሰጠ ፕሮግራም ጀምሬ፥ ሠላሳው ቀን ሲያልቅ ፋይሌ አልከፈት አለኝ። የሦስት ሳምንት ድካሜን እንደ ገና መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ውሉን ሳላነብ የተቀበልኩት እኔው ስለ ሆንኩ ማንንም አልወቅስም።

ይህን ስል የሚሸጠው ሁሉ መጥፎ፥ ክፍት የሆነው ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ገንዘብ የተቀበለ ኩባንያ ችግር ሲገጥም መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ ሊኖረው ይችላል፤ የባንክ ወይም የሆስፒታል ሥራ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፍት የሆነውም ቢሆን ጠባቂ ካላገኘ አደጋ አለበት። በ2014 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ከባድ ስሕተት ሲገኝ፥ ስሕተቱ ሁለት ዓመት ያህል በአደባባይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉ ሊያየው ይችላል ማለት ሁሉ ያየዋል ማለት አይደለም። ደግሞም አንዳንዱ መሣሪያ ከሁለቱም ወገን ነው፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ሶርስ ኮዱ ክፍት ሲሆን፥ ተዘጋጅቶ የሚታደለው ፕሮግራም ግን የኩባንያው የራሱ ውል አለበት።

እንግዲህ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለቤቱ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ሥራዬን በሌላ መሣሪያ ልከፍተው እችላለሁን? ቢበላሽ የሚያርመው ማን ነው? ዋጋውስ በብር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው፥ በየዓመቱ በዶላር ሲጠየቅ ይዘልቃልን? በተለይ የመሥሪያ ቤታችሁን መዝገብ የምታደራጁ ወጣቶች የመጀመሪያውን ጥያቄ አትርሱ፤ እናንተ ወደ ሌላ ቦታ ብትዛወሩም መዝገቡ ይቀራልና።

ለተማሪዬም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው መጀመሪያ ውሉን ላንብብ» አለኝ። እኔ በእርሱ ዕድሜ ይህን የነገረኝ አልነበረም።